የታኮው ቀለበት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

መጀመሪያ የጠየቀኝ ታኮ ነው። ቁልፍ አይደለም፣ መዶሻ አይደለም፣ ታኮ። «ከጎማው ስር የሚገባ ታኮ ሥሪ፤ እኔ ሳላየው አንዲት ብሎን እንዳትፈቺ» አለኝ ድሪባ አልጋው ላይ እንደተጋደመ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ባሌ ከተኛ ሰባት ሳምንት ሞላው። የዳሌው አጥንት ገና አልያዘም፤ ሐኪሙ ሌላ አምስት ሳምንት በጀርባህ ተኛ ብሎታል። አልጋውን መስኮቱ ጋ ያስጠጋንለት አላፊ አግዳሚውን እያየ እንዲውል ነበር። የሚያየው ግን ግቢው መሀል በግንድና በድንጋይ ላይ የቆመችውን ፒካፑን ብቻ ነው። ሆዷ እንደተከፈተ ናት። ካምቢዮዋ ወርዶ ከጎኗ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፤ አዲሱ ፍሪሲዮን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ አለ። የነቀምቴ ሐምሌ ደግሞ ብረት አይምርም። ትናንት ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰውዬ በር አንኳኩቶ «ትሸጧታላችሁ?» አለኝ። ድሪባ ሰማው፤ ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም። ዛሬ ጠዋት «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ» አለኝ። የአራተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ በክረምት ምን ሥራ አላት? ሰበብ አጣሁ።

ጋራዥ እንዳንወስዳት ከቦታዋ አትነቃነቅም። መጥተው እንዲሠሩልን የለመንናቸው ሁለት መካኒኮች «ክረምቱ ይውጣ» አሉ። ከመሣሪያዎቹ ግማሾቹ የሥራ ጓደኛው የገላታ ነበሩ፤ ሲጣሉ ድሪባ እነሱን በሰው እጅ መለሰለት። አንዲት ካቻቢቴ እንኳ አላስቀረም።

እንግዲህ እኛው የምንሠራቸው ነገሮች፣ እንዳስጻፈኝ፦

ታኮ፣ ከወፍራም እንጨት።

ለቁልፍ እጀታ ማርዘሚያ፣ አንድ ሜትር የውሃ ቱቦ።

ጭንቅላታቸው የተቆረጠ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች። ካምቢዮው ሲገባ መንገድ ይመሩታል።

ፍሪሲዮኑን መሀል ለመሀል የሚያስቀምጥ የእንጨት ዘንግ።

ገመድና አጣና።

ቂጣ። ቂጣው ለምን እንደሆነ ነገ እነግርሻለሁ ብሎ ሳቀብኝ። ከግንቦት ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

ታኮውን ከሰዓት በኋላ ሠራሁት። ከጓሮ የባሕር ዛፍ ግንድ በሴጌቶ ቆርጬ፣ በመጥረቢያ ሽብልቅ አስመስዬ ጠረብኩት። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ወስጄ ሳሳየው በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰው። «ምንም አይል። የበፊቱ ግን ወይራ ነበር» አለ። ቀጥሎም «ያ ውሸታም የት እንደጣለው ጌታ ነው የሚያውቀው» አለ።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። የበፊቱን ታኮ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋት፣ ዝናብ አድሮ እንጨቱ ሁሉ ርሷል። መብራት የለም፣ ከሰል አልቋል። ድሪባ ቁርስ ቁርስ ይላል፤ ገላታ ሲመጣ አብረው ካምቢዮ ሊያወርዱ ነው። ታኮው ከማዕድ ቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ስር በቀለበቱ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቀለበቷን ድሪባ ራሱ ነው ከአሮጌ ሰንሰለት አንዷን ዘለላ ቆርጦ የመታባት፤ አንድ ጎኗን በመዶሻ ጠፍጥፏታል። እንጨቱ ደረቅ ነው፣ የስንት ዓመት የሞተር ዘይት ጠጥቷል። ለሁለት ሰንጥቄ ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። እንዴት ነደደ! ገንፎው ወዲያው በሰለ። ሌላ እቆርጥለታለሁ፣ ማታ እነግረዋለሁ ብዬ ልጄን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።

የሁለቱ አሠራር ከድሮም አንድ ነው። ድሪባ በክሪክ ያነሳል፣ ገላታ ታኮ ያስገባል። ገላታ ታኮውን ቢያጣው ድንጋይ አደረገ። ካምቢዮው እንደወረደ ድንጋዩ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ መኪናዋም ከክሪኩ ወርዳ ባሌ ላይ ተኛች።

ድሪባ ከሆስፒታል በተመለሰ ቀን ገላታ «ታኮው ቦታው አልነበረም» አለ። ድሪባ «በገዛ እጄ ነው የሰቀልኩት፤ መፈለጉ ሰንፎህ ነው» አለው። የሃያ ዓመት ጓደኝነት እዚያ ላይ ተበጠሰ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም ሰማኋቸው። ዝም አልኩ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ዝም እንዳልኩ ነኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

መኪናዋ ስር ገባሁ። እግሬ እንቢ አለኝ እንጂ ጠዋት ነበር የምገባው። ግንዶቹን ገፋኋቸው፣ አይነቃነቁም። ታኮውን ከኋላ ጎማ፣ ድንጋይ ከፊት ጎማ አደረግኩ። እንደገና ገፋሁ። ልጄን ሌንሳን በረንዳ ላይ አስቀምጬ «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አልኳት። ከዚያ ሸራ አንጥፌ በጀርባዬ ተሳብኩ። ድሪባ የተኛበት ቦታ ነው። ጭቃው ላይ የእሱን ቅርጽ የማይ መሰለኝ። ዝናቡ ስንቴ አጥቦት ምን ሊታይ ነው፣ ግን ፈለግኩት።

«ምን ይታይሻል?» እያለ በመስኮት ይጮኻል። «ብረት» አልኩት። «ጎበዝ፤ እሱን ካወቅሽ ዲግሪሽን አግኝተሻል።»

የቂጣው ምሥጢር ይኸውና። ሞተሩ ጭራ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ኩሽኔታ ተወትፋለች። አርጅታለችና መውጣት አለባት። ማውጫ መሣሪያ ግን የለንም። የራሰ ቂጣ በኩሽኔታዋ ቀዳዳ እየጠቀጠቅሽ ሙዪ፤ ከዚያ ቀዳዳዋን ልክ የሚሞላ ብረት አስገብተሽ በመዶሻ ምቺ፤ ቂጣው መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታዋን ከኋላ ገፍቶ ያወጣታል አለኝ። እየቀለደብኝ መሰለኝ። ለብረቱ የግንባታ ፌሮ ቆርጬ፣ ልክ እስኪመጣ ፕላስተር ጠቀለልኩበት። ሞላሁ፣ መታሁ። ሞላሁ፣ መታሁ። ፊቴ ሁሉ ሊጥ ሆነ። በአሥራ ምናምነኛው ላይ ኩሽኔታዋ ሹልክ ብላ ደረቴ ላይ ወደቀች።

ጮኽኩ። «ወጣች!» ድሪባ ከውስጥ እጁን አጨበጨበ። አምስት ደቂቃ ያህል ደስተኛ ሰዎች ነበርን።

አያንቱ መጣች፣ የድሪባ እህት። በየቀኑ መጥታ ሰውነቱን የምታጥበው እሷ ናት፤ ይህን አልክድባትም። ለአጥንቱ ይበጃል ብላ አንጮቴ የሚባለውን የሥር ምግብ ከአርጆ ድረስ አስመጥታለች። እኔን ከእግር እስከ ራሴ በግራሶ ተለቅልቄ ስታየኝ «ወንድሜን አስተኝታችሁ መኪናውን ትጫወቱበት ጀመር?» አለች። በኦሮምኛ ነው፤ እሷ ጋ አማርኛ የለም። «ትጫወቱበት» ስትል ከእኔ ጋር ዘመዶቼን ሁሉ እንደምትጨምር አውቃለሁ። ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ።

ማምሻውን ኦቦ ፈይሳ መጡ፤ የድሪባ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እሑድ ጃርሱማ ሊቀመጡ ነው። በድሪባና በገላታ መሀል ሽምግልና፣ እዚሁ፣ አልጋው ዳር። ድሪባ «አንድ ነገር ነው የምፈልገው» አላቸው። «ታኮው ተሰቅሎ ነበር፣ እኔ ሰነፍኩ ይበል። ዳሌዬን ይቅር ብየዋለሁ፤ ውሸቱን ነው ይቅር ያላልኩት።»

ኩባያዎቹን ሰብስቤ ማዕድ ቤት ገባሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ዘንጉ አልሆነልኝም። የመጀመሪያው ቀጠነ። ሁለተኛው ጫፉ ተሰበረ። ሦስተኛውን ስቀርጽ ቢላው አምልጦኝ የግራ እጄን ሌባ ጣት ቆረጥኩ። ለማያውቅ ሰው ዘንግ ምን አላት? ነገር ግን ሦስት ውፍረት አላት። ጫፏ በአሮጌዋ ቦታ በገባችው አዲሷ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ ወገቧ ፍሪሲዮኑን ይይዛል፣ ጭራዋ መያዣ ነው። ፍሪሲዮኑ መሀል ለመሀል ካልተቀመጠ ካምቢዮው ዓመት ብትገፊው አይገባም አለኝ። ድሪባ በጀርባው ተኝቶ ሊቀርጽ ሞከረ፤ እጁ ዛለበትና ቢላውን ወረወረው።

እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ወረድኩ። ጫልቱ ተራ ይዛ ተቀምጣለች፤ የገላታ ሚስት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተቃቅፈን ነበር የምንሳሳመው። አሁን «ነጋ?» አለችኝ፣ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው፤ «ነጋ» አልኳት፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የተቆረጠ ጣቴን አይታ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ዘንጉን ነገርኳት። ትንሽ ፈገግ አለች፤ ዘንግ ቅረጻ የገላታ ሥራ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ሳልጠይቃት አወራችኝ። ሰው ገላታን መጥራት ትቷል። ከሲሬ ከተማ እንኳ እየመጡ ወስደው በየግቢያቸው መኪና የሚያስፈቱት ሰዎች ነበሩ። አሁን «ጓደኛውን ከመኪና ስር የጣለ» እያሉት ነው። ጠዋት የሥራ ልብሱን ይለብሳል፣ በር ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ያወልቃል። «አንድ ቀን እንኳ ስለ ድሪባ ክፉ አልተናገረም» አለችኝ። «እኔ ታዲያ ለምን አትናገርም፣ ታኮው አልነበረም አይደል እንዴ እለዋለሁ። ተይው ይለኛል።»

አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የወፍጮው ጩኸት ቆመ፣ ተራዋ ደረሰ፣ ተነሳች። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጆንያዋን አብሬ አነሳሁላት።

የምፈራውን በግልጽ ልጻፈው። ድሪባን እፈራለሁ፣ ግን ከሱ በላይ ቤቱን እፈራለሁ። የእኔ ሰዎች ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ናቸው። በዚያ ክፉ ጊዜ ወንድሞቼ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። አያንቱ ያኔ «ያንቺ ሰዎች»፣ «የእኛ ሰዎች» ማለት ጀመረች፣ እስከ ዛሬም አላቆመችም። ድሪባ ነው አፏን የሚያስይዛት። ድሪባ ፊቱን ካዞረብኝ እዚህ ቤት ውስጥ እኔ ማን ነኝ?

ደግሞ እናቴን ከጊዳ አያና ያወጣት ይህችው ፒካፕ ናት። ድሪባ እየነዳ፣ ገላታ አጠገቡ ተቀምጦ። በየኬላው ወርዶ «እናቴ ናት» እያለ የተናገረላት ገላታ ነው። እናቴ ዛሬ እህቴ ጋ በሰላም ትኖራለች። እኔ ግን ያን ሰው ውሸታም አስባልኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ጫልቱ መጣች። ላስቲክ ተከናንባ፣ በጓሮ በር። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝና «ገላታ ነው የላከልሽ። ለድሪባ እንዳትነግሪው ብሏል» አለችኝ። አልተቀመጠችም።

ዘንጉ ነው። ከወይራ የተቀረጸ፣ በብርጭቆ ስባሪ የተፋቀ፣ ሦስቱም ውፍረት ልክ ልኩ። ጭራው ላይ ለመስቀያ ቀለበት ተመትቶበታል።

ቀለበቷን አየኋት። ጠቁራለች፣ እሳት የበላው ብረት ናት። አንድ ጎኗ በመዶሻ ተጠፍጥፏል።

ማዕድ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ድሪባ ሆስፒታል በተኛበት ሳምንት ቤቱን የጠበቁልን ጫልቱና ገላታ ናቸው። ጫልቱ ጠርጋለች፣ አመዱን ገላታ አውጥቷል። «ማዕድ ቤትሽን ገላታ ነው ያጸዳው፣ ወንድ አይደለህም ብዬ ስቄበታለሁ» ብላኝ ነበር ያኔ። አመዱ ውስጥ አግኝቷታል። ታኮው የት እንደገባ ካወቀ ሰባት ሳምንቱ ነው። ያወቀውንም ለማንም፣ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። ውሸታም ሲባል፣ ሥራ ሲያጣ፣ ዝም አለ።

ታዲያ ዛሬ ለምን ላካት? እንደማውቅ እወቂ ሊለኝ ነው? አትናገሪ ሊለኝ ነው ወይስ ተናገሪ? ዘንጉን አገላብጬ አገላብጬ ምንም አላገኘሁበትም። ገላታ ነገር የሚያወሳስብ ሰው አይደለም። ምናልባት ቀለበቷን የሚሰጠኝ ሌላ መንገድ አጥቶ ይሆናል።

ቀለበቷን በፒንሳ ነቅዬ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ድሪባ ዘንጉን ማየቱ አይቀርም። አዎ፣ እንደገና ደበቅኩ። ለመደበቅማ እጄ ፈጣን ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ፍሪሲዮኑ ገባ። ዘንጓ ያለ ምንም ትግል ሰተት ብላ ገባች፤ ብሎኖቹን ዙሪያውን ጥቂት ጥቂት እያልኩ፣ በቱቦ ያረዘምኩትን ቁልፍ እየተጫንኩ አሰርኩ። ስጨርስ ዘንጓን ሳብኳት፣ ወጣች። ልክ ነው ማለት ነው። ብቻዬን የሠራሁት ነው ብዬ ልኩራ? አልኮራሁም።

«ዘንጉን አሳዪኝ» አለኝ ድሪባ። እንደፈራሁት። ሰጠሁት። እንደ ታኮው በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ አፍንጫው አጠገብ አስጠግቶ ፍቁን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም።»

ዘንጓን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«የገላታ ቢላ ነው። ሃያ ዓመት አየሁትኮ። ከሱ ጋር ምን አገናኘሽ?»

«ጫልቱ ናት ያመጣችው። የኔ ሦስቴ ተበላሸ፣ ታውቃለህ።»

ደም ስሩ ተገታተረ። መነሳት አይችል፣ መውጣት አይችል፣ ሁሉም ነገር አንገቱ ላይ ነው የሚታየው። ዘንጓን ወረወረልኝ። «ሥራሽን ከጨረስሽባት እሳት ውስጥ ክተቻት» አለኝ።

እሳት ውስጥ። ለእኔ ነው የሚለው።

ማዕድ ቤት ገብቼ ምድጃው ፊት ለፊት ቆምኩ። ዘንጓን አላቃጠልኳትም። ታኮው በተሰቀለበት ምስማር ላይ በገመድ ሰቀልኳት።

ነገ ጃርሱማ ነው። የምናገረውን ቀኑን ሙሉ ተለማመድኩ። በአማርኛ ስሞክረው ያምራል፤ ነገር ግን በኦሮምኛ ነው የምናገረው፣ አያንቱ እየሰማች። «ረስቼው ነው» ልበል? አልረሳሁም። «ፈርቼ ነው» ልበል? እሱ እውነት ነው። ለነገ አንጮቴ ቀቅዬ፣ ልጬ አስቀምጫለሁ። ከታረቁ በኋላ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

እንዲህ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ድሪባን በትራስ ደግፈን ቀና አደረግነው። ኦቦ ፈይሳ ጸለዩ። ገላታ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ከስቷል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ሁለቱ አልተያዩም። አያንቱ አልጋው ራስጌ፣ ጫልቱ ጥግ ላይ፣ እኔ ማዕድ ቤቱ በር ላይ።

ድሪባ ተናገረ። አጭር ነበር። «የዳሌዬን አልጠየቅኩትም። እውነቱን ነው የጠየቅኩት» አለ።

ተራው የገላታ ሆነ። መጥቶ አልጋው ሥር ተንበረከከ። ሰውዬው አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። «ታኮው ምስማሩ ላይ ነበር» አለ። «አይቼው ነበር። ሰንፌ ድንጋይ አነሳሁ። ዲፈማ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።»

ኦቦ ፈይሳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ድሪባ እንባው ወረደ። ሰባት ሳምንት የጠበቃት ቃል ናት። እጁን ወደ ገላታ ራስ ዘረጋ፣ ኦቦ ፈይሳም «ምግቡ ይቅረብ» አሉ። እኔ አንጮቴውን ይዣለሁ። እዚያ ሳህን ላይ ሁለቱ እጃቸውን ሊሰዱ ነው፣ ውሸት ላይ፣ ለእኔ ተብሎ በተዋሸ ውሸት ላይ።

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩ። ከኪሴ ቀለበቷን አውጥቼ የድሪባ ብርድ ልብስ ላይ አኖርኳት። «አልነበረም» አልኩ። «ገላታ አሁን ነው የዋሸው። ታኮው አልነበረም። ጠዋት እሳቱ አልነድ ሲለኝ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ገላታ እንደተንበረከከ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ድሪባ ቀለበቷን አነሳት። የተጠፈጠፈውን ጎኗን ዳሰሰ።

«ገንፎው ነው?» አለኝ። «የዚያን ቀን ጠዋት ገንፎ?»

«አዎ።»

«ሁለት ሳህን በላሁ» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አያንቱ ኡኡ ብላ ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። «ድሮም ብዬ ነበር» አለች። ይሄው ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦቦ ፈይሳ ከተቀመጡበት ሆነው አዩኝ። «ሀዳ ሌንሳ» አሉኝ፤ የሌንሳ እናት። «ዛሬ የመጣነው ለእነዚህ ለሁለቱ ነው። የእነሱ አልቋል። ያንቺን የጠራን ሰው የለም፤ ሲጠራን እንመጣለን።» ሳህኑን ራሳቸው ከመሬት አንስተው አቀረቡላቸው። ድሪባ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፣ ገላታ ጉርሻውን እጁ ላይ አኖረለት። እኔ ወጥቼ መኪናዋ አጠገብ ዝናብ ላይ ቆምኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ድሪባ አላናገረኝም። ቁርሱን ከሌንሳ እጅ ተቀበለ። ምሳውን አያንቱ አበላችው። ውሃ ሳቀርብለት ዓይኑን ይጨፍናል። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ውጪልኝ አላለኝም። ግባ ውጣ የሌለበት ቤት ሆነብኝ።

ገላታ ግን ማለዳ ከነመሣሪያ ሣጥኑ መጣ። «አካም ቡልተን» ብሎ በመስኮት ለድሪባ ሰላምታ ሰጠ፣ ድሪባም መለሰለት። ጫልቱ ሰላም አላለችኝም። መብቷ ነው።

ካምቢዮውን ለማንሳት የድሪባን ዘዴ ነው የተጠቀምነው። አጣናውን በሁለቱ በሮች መስኮት አጋድመን፣ ገመዱን በማርሽ ዘንጉ ቀዳዳ ወደ ታች ሰደድነው። ጫልቱና እኔ ከላይ ጋቢናው ውስጥ ሆነን እንጎትታለን፣ ገላታ ከስር ይመራል። ከመግባቱ በፊት ታኮውን በእጁ ነቀነቀ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ እኔን አየኝ። ገባ።

ገመዱ መዳፌን ላጠው። ራስ የሌላቸው ብሎኖች ላይ ሲደርስ ካምቢዮው ትንሽ ተንገራገረና ገባ። አንድም ቃል ሳንነጋገር ጫልቱና እኔ እኩል ትንፋሽ ለቀቅን።

ጫልቱ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ገላታ ከስር ሲወጣ ብቻችንን ሆንን። «ለምን ተናገርሽ?» አለኝ፣ ተቆጥቶ። «ጨርሼው ነበርኮ። ይቅር ብሎኝ ነበር።»

«አንተስ ቀለበቷን ለምን ላክህ?»

እጁን በናፍጣ ታጠበ። «ያንቺ ናት ብዬ» አለ። «እኔ ጋ ስትቀመጥ ከበደችኝ።»

እኔም ተናደድኩበት፣ እውነቱን ለመናገር። አንድ ሰው እንዲህ ቻይ ሲሆን ሌላው ምን ይሁን? ለድሪባ ከሰባት ሳምንት በፊት ነግሮት ቢሆን እኔም ያኔ ተወቅሼ ያኔ ይወጣልኝ ነበር። ይህን ስጽፈው ነውሬ ይታየኛል። ለራሴ ጥፋት ሌላ ተጠያቂ እየፈለግኩ ነው፣ ልክ እንደ ባሌ።

ከመሄዱ በፊት ቀለበቷን ከድሪባ ተቀብሎ አዲሱ ታኮ ላይ መታት። ድሪባ ሰጠው። እኔ ብጠይቀው ይሰጠኝ እንደነበር አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ተነሳች።

ባትሪዋን ገላታ ከጎረቤት አስሞልቶ አመጣ። ግንዶቹን አንድ በአንድ አውጥተን በክሪክ አወረድናት። ጎማዎቿ መሬት ነኩ። ታኮው ከኋላ ጎማ ስር ነው። «አንቺ ነሽ የምታስነሺያት» አለኝ ገላታ፤ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ግቢ ውስጥ ምን ችግር አለው አለ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ጠፋች። ሁለተኛው ላይ ያዘች። ማርሽ አስገባሁ፣ ምንም አልተፋጨም፣ ገላታ ታኮውን አወጣ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ፒካፗ በግቢው ጭቃ ላይ ሦስት ሜትር ያህል ሄደች። ሦስት ሜትር። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ገላታ ወደ ሌላ ቦታ አየ።

መስኮቱን አየሁት። ድሪባ አንገቱን አቅንቶ እያየ ነበር። ዓይኖቻችን ሲገናኙ መልሶ ተኛ።

ከሰዓት ገላታ ሊሄድ ሲል ድሪባ ጠራውና ብዙ አወሩ። ከሲሬ አንድ ሰው መኪና ሊያስጠግን ለድሪባ ደውሎለት ነበር፤ ድሪባ ስልኩን አንስቶ «ገላታን ነው የምልክልህ፣ ከሱ የተሻለ የለም» ሲለው ሰማሁ። ለገላታ ሥራው እየተመለሰለት ነው። በዚህ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ።

ለእኔ ግን ምንም። አያንቱ ልብሷን በዘንቢል ይዛ መጥታ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አነጠፈች። እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገረችም፣ አልጠየቅኳትም።

እራት አቀረብኩለት። አንጮቴ ነው፣ የእህቱ። ዓይኑን ይጨፍናል ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን ተቀበለኝ። አንዴ ጎረሰ። ከዚያ፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አናገረኝ።

«ታኮውን የት አደረግሽው?»

«ምስማሩ ላይ» አልኩት። «ምስማሩ ላይ ሰቅየዋለሁ።»

«አምጪው።»

አመጣሁለት። ጭቃውን በቀሚሴ ጠርጌ። ቀለበቷን ያዛት፣ ሳባት፣ ጠብቃለች። ከዚያ መልሶ ሰጠኝና «አልጋው ስር አድርጊው» አለኝ። «ከእንግዲህ ማደሪያው እዚህ ነው።»

ፊቱን አየሁት። ድሪባ ሲቀልድ የግራ ቅንድቡ ከፍ ይላል። መብራቱ ደካማ ነበር፣ ቅንድቡን ማየት አልቻልኩም። እየቀለደብኝ ይሁን ከእኔ እየጠበቀው አላውቅም። አልጠየቅኩትም።

ተንበርክኬ አልጋው ስር፣ እጁ በሚደርስበት በኩል አስቀመጥኩት። ስነሳ ሳህኑን አጋምሶት ነበር።